ነጌሌ ዳር የተቆጠሩት ከብቶች

ብዙወርቅ ስኳር ስትመዝን ሚዛኑን አታይም፤ የገዢውን ዓይን ነው የምታየው። «ሚዛኑ የኔ ነው፣ እሱን አውቀዋለሁ፤ የማላውቀው ሰውየውን ነው» ትላለች። ነጌሌ ከተማ ውስጥ ጨው፣ ስኳር፣ አቡጀዲና ላምባ የምትሸጥባት አንዲት ሱቅ አለቻት። እንግዳ ሰው ከመጣ «ከየት ነህ? የማን ልጅ ነህ?» ሳይባል ጨው አይሰፈርለትም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለው ለሌላው ሰው ተረት ነው፤ ለእሷ ግን የጠዋት ጸሎቷ ነበር ማለት ይቻላል። አይፈረድባትም። ባሏ በሞተ ሳምንት የገዛ ወንድሙ ከሰሜን ድረስ መጥቶ ጠመንጃውንና በቅሎውን ይዞባት ሄዷል። «ለመታሰቢያ ነው» ብሎ! በቅሎ ለመታሰቢያ! ከዚያ ወዲህ የምታምነው ቁልፏን ብቻ ሆነ።

ጉዱ ግን እዚህ ላይ ነው። ይህችው ሴት ያላትን ሀብት ሁሉ ዓይኗ በማያየው ቦታ፣ በሰው እጅ አኑራ ነበር የምትኖረው። ባሏ ገብረአምላክ የመንግሥት ጸሐፊ ነበር። በየዓመቱ ከደመወዙ ቆጥቦ አንድ ሁለት ጊደር ይገዛና ሊበን ገጠር ለሚኖር ጃልዴሳ ለሚባል የቦረና ወዳጁ ይሰጣል። የአገሩ ወግ ነው፤ ጠባቂው ወተቱን ይጠጣል፣ ላሚቱና የወለደችው የባለቤቷ ናቸው። ወረቀት የለ፣ ፊርማ የለ። አንዲቱ ከሞተች ጠባቂው ቆዳዋን ይዞ ይመጣል፣ ጆሮዋ ላይ ያለው ምልክት ይታያል፣ በቃ። ገብረአምላክ «የሰው ብር ሣጥን ውስጥ ይተኛል፤ የኔ ብር ሣር እየበላ ይወልዳል» እያለ ይስቅ ነበር። እሱ ሲሞት ከብቶቹ ለብዙወርቅ ቀሩ፣ ጃልዴሳም እንደ ድሮው ጠባቂያቸው ሆኖ ቀጠለ።

ብዙወርቅ ከብቶቹን ስታስብ የሚታያት ቀንድና ጭራ አልነበረም፤ ወፍጮ ነበር። ሻሸመኔ አንድ ነጋዴ ዘንድ በናፍጣ የሚሠራ ወፍጮ በዓይኗ አይታ፣ ዙሪያውን ዞራ፣ በእጇ ነካክታ መጥታለች። ዋጋው ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ብር። ዝናብ ዘነበ አልዘነበ ሰው ያገኘውን እህል ማስፈጨቱ አይቀርም፤ ስለዚህ ወፍጮ ያለው ሰው በክፉም በደጉም ዘመን ጦሙን አያድርም። ይህን ያሰበችው ራሷ ናት፣ ማንም አልመከራትም። ሠላሳ ያህሉን ሸጣ ወፍጮዋን ልትተክል፣ የቀሩትን ለዘር ልትተው ነበር ዕቅዷ። ልጅ አልወለደችም፤ ጧሪዋ ያ ወፍጮ ነበር።

በ፲፱፻፷፭ ዓ.ም. የካቲት ላይ ጃልዴሳ እንደ ልማዱ ቅቤ ይዞ መጣ። ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ረጅም፣ ራሱ ላይ ነጭ ሻሽ የሚጠመጥም፣ ሲናገር የማይቸኩል ሰው ነው።

«አካም እትዬ? ናጋ?»

«ናጋ ነው፣ ቁጭ በል። ከብቶቼስ?»

ጃልዴሳ አንድ በአንድ ነገራት፤ ግን በቁጥር አይደለም። ቦረና ከብቱን ጮክ ብሎ አይቆጥርም፤ ቁጥር ዓይን ይጠራል ይላል። «ያቺ ግንባረ ቦቃ ወለደች። የቀዮዋ ልጅ ደርሳለች፣ ሁለተኛዋ ገና ናት። የዳለቻዋ ወይፈን ጎረመሰ…» እያለ ከእናት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ ይወርዳል። ብዙወርቅ በነጠላዋ ሥር ጣቷን እያጠፈች ቆጠረች። አርባ ሁለት።

«እትዬ» አለ ጨርሶ። «ዘንድሮ ሣሩ ደስ አላለኝም። ከሥሩ ነው የደረቀው። ወይፈኖቹንና ያረጁትን አሁን እንሽጥ፤ ዋጋው ጥሩ ነው። ለአንዱ መቶ አሥር ይሰጣሉ። ከብሩ ላይ በቆሎ ገዝተው ያስቀምጡ። የቀሩትን እኔ አንድ ቦታ አላኖራቸውም፣ እበትናቸዋለሁ።»

«ለማን ነው የምንሸጠው?»

«ሀሺ ይገዛል።»

አሃ! አለች በልቧ። ሀሺ ከነጌሌና ከአካባቢው ከብት እየገዛ ወደ ሞያሌ የሚያወርድ ነጋዴ ነው። በዚያው ቀን ጠዋት ጃልዴሳና ሀሺ ሻይ ቤት ደጅ ተቀምጠው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ፎጣ ጣል አድርገውበት አይታቸዋለች። የከብት ነጋዴ ዋጋ የሚነጋገረው እንዲያ ነው፤ ሌላ እንዳይሰማ ከጨርቅ ሥር በጣት ይጨባበጣል። ብዙወርቅ ይህን ታውቃለች። የማታውቀው ጣቶቹ የተነጋገሩትን ነው። ገና እኔን ሳይጠይቅ ዋጋዬን ጨርሶ መጣ?

«አስብበታለሁ» አለችው።

«እትዬ፣ ዋጋው እኛ እስክናስብ አይጠብቀንም።»

«አስብበታለሁ አልኩህ እኮ!»

ማታ ላይ አዳነ ነገሩን ሰምቶ መጣ። አዳነ የግምጃ ቤት ጸሐፊና የሟቹ የሥራ ባልደረባ ነው፤ አንድ ጋዜጣ ለሦስት ሳምንት የሚያነብ ሰው። «እኔ ምን አገባኝ» ሳይል ንግግር አይጀምርም፣ የማይገባበት ነገር ደግሞ የለም።

«እኔ ምን አገባኝ፣ እትዬ። ግን እነዚህን ከብቶች በዓይንዎ አይተዋቸው ያውቃሉ?»

«ገብረአምላክ ያውቃቸው ነበር።»

«ነፍሱን ይማረውና እሱ ደግ ሰው ነበር። የከብት ዋጋ ገና ይወጣል፤ ጋዜጣው ሥጋ ወደ ውጭ እየተላከ ነው ይላል። ዛሬ ይሽጡ የሚልዎት ሰው ነገ ለሚያተርፈው ነው። ባለቤት ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም፣ እትዬ።»

አልሸጠችም። ሚያዝያ መጣ፣ ደመና መጣ፣ ደመናው ወደ ሌላ አገር አለፈ። መቶ አሥር የነበረው ወይፈን ሰማንያ ገባ፤ በግንቦት ስድሳ። አሥራ አራት ብር የነበረው የበቆሎ ኩንታል ወደ ሠላሳ ወጣ። ሌላ ሰው ቢሆን «ምነው የጃልዴሳን ምክር በሰማሁ» ብሎ ጣቱን ይነክስ ነበር። ብዙወርቅ ግን ሌላ ነገር ታያት። ይህ ሰው ዋጋው እንደሚወድቅ በምን አወቀ? ከነጋዴዎቹ ጋር ካልመከረ በቀር? ልብ አድርጉ፤ ሰውየው እውነት መናገሩ ራሱ ማስረጃ ሆነበት። ጥርጣሬ እንዲህ ናት፤ የሰጧትን ሁሉ ትበላለች፣ ጠግባም አታውቅም።

ሰኔ ላይ ሱቋን ቆልፋ፣ በጭነት መኪና ግማሽ መንገድ ሄዳ፣ የቀረውን በእግሯ ተጉዛ ጃልዴሳ መንደር ደረሰች። የጃልዴሳ ሚስት ወተት አቀረበችላት። ብዙወርቅ አልጠጣችም፤ ዓይኗ በረቱ ላይ ነበር። በረቱ ውስጥ የሷ ምልክት ያለባቸው ዘጠኝ ከብቶች ብቻ ነበሩ።

«የቀሩትስ?»

«በትኛቸዋለሁ፣ እትዬ። ነግሬዎት ነበር። የሚታለቡት ጥቂቶቹ እዚህ ናቸው። ደረቆቹን ወጣቶቹ ወደ ሩቅ ግጦሽ ይዘዋቸው ወጡ፣ ፎራ ላይ ናቸው። ጥቂቶቹ ከዳዋ ወንዝ ማዶ ዘመዴ ሀላኬ ዘንድ አሉ፤ ጥቂቶቹ ዲሬ አገር ከጥልቁ የውሃ ጉድጓድ አጠገብ እህቴ ዲንኪቱ ዘንድ ናቸው። የራሴም እንዲሁ ተበትነዋል።»

«ማን ፈቀደልህ?»

ጃልዴሳ ጥያቄው አልገባውም። «ድርቅ ሁሉንም ቦታ እኩል አይመታም» አለ ቀስ ብሎ። «አንዱ ጋ ሣር ቢያልቅ ሌላው ጋ ይተርፋል። አንዱ ጋ በሽታ ቢገባ ሌላው ጋ አይደርስም። ከብት የሚተርፈው እንዲህ ነው።»

«የሰው ከብት በየዘመድህ ቤት አከፋፍለህ ነው ተረፈ የምትለኝ? ጃልዴሳ፣ እኔ ገብረአምላክ አይደለሁም። በሃያ ቀን ውስጥ አንድም ሳይቀር ነጌሌ ዳር አምጥተህ ታቆማቸዋለህ። እቆጥራቸዋለሁ።»

ሰውየው ደነገጠ። «እትዬ፣ ነጌሌ ዳር ሣር የለም። በዚህ ፀሐይ ያን ሁሉ መንገድ ከነዱ ይሞታሉ። ሄደው እዚያው ባሉበት ይዩአቸው፤ እኔ ራሴ እወስድዎታለሁ።»

«ሃያ ቀን! አለዚያ ፖሊስ ነው የማመጣብህ።»

«ገብረአምላክ አንድ ቀን ቁጥር ጠይቆኝ አያውቅም» አለ ጃልዴሳ። ድምፁ አልተቆጣም፤ ያዘነ ነው የሚመስለው።

«ለዚህ ነዋ ዛሬ እኔ የምጠይቀው!»

ከብቶቹ መጡ። በሃያ ቀን ሳይሆን በወሩ፣ ጥቂት ጥቂት እያሉ፣ የጎድን አጥንታቸው ወጥቶ፣ አንዳንዶቹም እያሳሉ። ነጌሌ ዳር ሜዳው የተላጨ ራስ መስሎ ነበር፤ የከተማው አህያና ፍየል አስቀድሞ ጨርሶታል። ብዙወርቅ ጥላ ይዛ፣ አዳነ እርሳስና ወረቀት ይዞ ቆጠሩ። ጮክ ብለው! «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…» ሲሉ ጃልዴሳ ፊቱን አዞረ። የነዱት ወጣቶችም መሬት መሬት አዩ።

ሠላሳ አምስት።

ብዙወርቅ ደግማ ቆጠረች፤ ሠላሳ አምስት። ደሟ ፈላ፤ ግን እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ልቧ ውስጥ ትንሽ ደስታም ነበረች። ይኸው! አልኳችሁም ነበር? አለች ለማንም ሳትናገር።

«በየካቲት በአፍህ የነገርከኝ አርባ ሁለት ነበሩ። ሰባት ጎደሉ። የታሉ?»

ጃልዴሳ አጠገቡ የቆመችውን ላም ጀርባ ዳበሰ።

«ሞቱ እንዳትለኝ! ከሞቱ ቆዳቸው የታለ?»

«ቆዳ የለም። አልሞቱም።»

«እሺ የታሉ?»

«የሉም፣ እትዬ» አለ። ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል አልወጣውም። አዳነ «እኔ ምን አገባኝ፣ ግን ይህ እምነት ማጉደል ነው፤ በሕግ ያስከስሳል» አለ። በማግስቱ ክስ ተጻፈ፣ ጃልዴሳም ታሰረ። ጣቢያ ሲወስዱት ፖሊሱን ሳይሆን ብዙወርቅን ዞሮ አያት፣ ከዚያ ዓይኑን ወደ ከብቶቹ መለሰ።

እንግዲህ ከብቶቹ በእጇ ገቡ። ደስ ይበላት! ሀሺ መጥቶ አያቸውና «ሁሉንም እገዛለሁ፤ ለአንዱ ሠላሳ አምስት ብር» አለ። ብዙወርቅ ሳቀችበት። መቶ አሥር የነበረ ከብት በሠላሳ አምስት? ተማክራችሁ አደኽይታችሁኝ ልትወርሱኝ? ዋጋው እስኪያንሠራራ እጠብቃለሁ አለች። በቀን የሚከፈለው እረኛ ቀጠረች። ድርቆሽ ከሩቅ አስመጣች፤ ድርቆሹ የሱቋን ትርፍ በላ፣ ቀጥሎ መነሻዋን በላ። ያን ጊዜ እንኳ ሦስት ጎረምሶች ለጥበቃ አስቀምጣ፣ ሦስቱን ደግሞ ራሷ ስትጠብቅ ትውላለች። ሳሉ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ተዛመተ፤ አንድ ላይ ተፋፍገው ቆመዋልና የሚያቆመው አልነበረም። በነሐሴ አሥራ አንድ ከብቶች ወደቁ። በመስከረም ሌላ አሥራ አራት። የጥቅምቱ ዝናብ ሲቀር የቀሩትም ተከተሉ።

ሀሺ በመጨረሻ የመጣው ቆዳ ሊገዛ ነው። ቆዳዎቹን እያገላበጠ «እትዬ» አላት፣ «ያን ቀን ሻይ ቤት ደጅ ጃልዴሳ እጄን ይዞ ምን ይለኝ እንደነበር ያውቃሉ? እኔ መቶ አሥር ስለው እሱ መቶ ሃያ አምስት። ‹የሟች ወዳጄ ሚስት ናት፣ ወፍጮ ልትገዛበት ነው፣ ጨምር› እያለ ጣቴን ሊሰብረው ነበር።»

ሽርካው ስለሆነ ነው እንዲህ የሚለው፣ አለች በልቧ። ቢሆንም ያን ቀን ምሳ አልበላችም። ማታ አዳነ መጥቶ «እኔ ምን አገባኝ» ብሎ ሲጀምር «እውነትህን ነው፣ ምን አገባህ!» ብላ በሩን ዘጋችበት። ጃልዴሳ ምስክር ታጥቶበት ከሁለት ወር በኋላ ተፈቶ ነበር። በሱቋ ፊት አልፎ ሄደ፤ አልገባም፣ አልሰደበም።

የወፍጮው ነገር ተረስቶ ቀረ። የሻሸመኔው ነጋዴ ለሌላ ሰው ሸጦታል አሉ።

በ፷፮ ሚያዝያ ሰማዩ ተቀደደ። ዘነበ፣ ዘነበ፣ ሊበን አረንጓዴ ለበሰ። ዋጋውም ተገለበጠ፤ ከብቱ ያለቀበት ሁሉ ዘር ፍለጋ ወጣና ለአንዲት ጊደር ሁለት መቶ ብር ይሰጥ ጀመር። ከብት ያለው ግን የት አለ? ብዙወርቅ በስኒ ጨው እየሰፈረች ይህን ወሬ ከደንበኞቿ አፍ ትሰማለች። ከመደርደሪያዋ ግማሹ ባዶ ነበር።

ግንቦት አጋማሽ ላይ፣ ቀትር ሳይሞላ፣ ደጅ ላይ የከብት ኮቴ ሰማች። ብቅ ስትል ጃልዴሳ ቆሟል። ፀጉሩ ሸብቷል። ከኋላው ቆዳቸው የሚያብረቀርቅ፣ ሆዳቸው የሞላ ጊደሮች፤ ሁለቱ እርጉዝ ናቸው። ጆሯቸው ላይ የሷ ምልክት አለ።

«አካም እትዬ» አለ። «እነዚያ የጎደሉት ናቸው። ዲሬ እህቴ ዲንኪቱ ዘንድ ትቻቸው ነበር። ብነግርዎት ኖሮ ፖሊስ ልከው ያስመጧቸው ነበር። ከመጡ ደግሞ ያልቃሉ። እኔን ይሰሩኝ፣ እነሱ ይትረፉ አልኩ። የገብረአምላክ የከብቱ ዘር እንዳይጠፋ።»

ብዙወርቅ በሩ ላይ ተገትራ ቀረች። ሁለት ወር ሙሉ ታስሮ፣ ሌባ ተብሎ፣ አንድ ቃል ሳይተነፍስ! እግሩ ላይ መውደቅ አማራት። «ይቅር በለኝ» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ እውነቴን ነው፣ ደርሶ ነበር። ግን አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ጣቷ ተነሳ። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት…» አለች። «ሰባተኛዋስ?»

ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የሰማችው። እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ ምን ዋጋ አለው!

ጃልዴሳ አንድ ነገር እንዳረጋገጠ ሰው ራሱን ነቀነቀ።

«ሰባተኛዋን እኔ እስር ቤት ሳለሁ ሚስቴ በበቆሎ ለወጠቻት» አለ። «ልጆች ይበላሉ፣ እትዬ።»

የፊተኛዋን ጊደር ገመድ አምጥቶ እጇ ላይ አኖረው።

«ጃልዴሳ፣ ወንድሜ፣ ቆይ እንጂ! እኔ እንዲያው… ሳላስበው እኮ ነው! አንተው ያዛቸው፣ እንደ ድሮው ጠብቃቸው፣ ወተቱንም ጥጃውንም ውሰድ…»

«ለእርስዎ አስረክቤያለሁ» አለ። ቁጣ የለበትም። ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ በመጣበት መንገድ ሄደ፤ ስሙን እየጠራች ብትከተለውም አልዞረም።

ከተማ ውስጥ ስድስት ጊደር የት ይግጣል? በማግስቱ ጠባቂ ፍለጋ ወጣች። ለገበያ የመጣውን የሊበን ሰው ሁሉ አንድ በአንድ ጠየቀች። ጣዲቻን ጠየቀች፣ አብዱባን ጠየቀች፤ ወተቱን ብቻ ሳይሆን ከሚወለደው እኩሌታውን እሰጣለሁ አለች። ሰዎቹ ጨዋ ናቸው፤ ቆመው ሰሟት፣ የጤናዋን ጠየቋት፣ ለሟች ባሏ ምሕረት ለመኑላት። መልሳቸው ግን አንድ ነበር።

«ጃልዴሳ የለቀቀውን እኛ አንይዝም፣ እትዬ።»